ማንንም ካልጎዳሁ ይበቃል? ለአንድ ብዙ ለተነበበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚዘዋወር አንድ ጽሑፍ ከየአቅጣጫው እየደረሰኝ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ልከውልኛል፤ ድሮ ያስተማርኋቸው ልጆች ልከውልኛል፤ የእኅቴ ልጅማ «አጎቴ፣ ይችን አንብብና ተቆጣ» ብላ ነው የላከችው። አልተቆጣሁም። አማርኛው የሚፈስ ጽሑፍ ነው፤ ጸሐፊውም የሚሉትን ከልብ ያምኑበታል። ጎጃም ተወልደው ማደጋቸውን፣ አሁን አዲስ አበባ መኖራቸውን ይነግሩናል፤ ስማቸውን ግን አልጻፉምና «ጸሐፊው» እያልሁ እቀጥላለሁ። እኔ የምጽፈው ደብረ ማርቆስ ሆኜ ነው። እርሳቸው የጻፉት ትተውት ስለ ሄዱት ኑሮ ነው፤ እኔ ደግሞ እዚያው ኑሮ ውስጥ ነኝ። ልዩነታችን ከዚህም ሊመጣ ይችላል።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ሐሳቡን ሳላጣምም ላስቀምጠው። ሕይወት አንዲትና አጭር ናት፤ ሞላች የምትባለውም ብዙ ያየንባትና ብዙ የቀመስንባት ስትሆን ነው ይላሉ። ሥነ ምግባርን በአንድ ደንብ ይጠቀልሉታል፦ ማንንም አትጉዳ፤ ከዚያ ወዲያ ለማንም ዕዳ የለብህም። ይሉኝታን እስር ቤት ይሉታል፤ በይሉኝታ የተሠራ በጎ ሥራም ለእርሳቸው ግብዝነት ነው። እድር፣ ማኅበር፣ ደቦና ተዝካር ጊዜና ገንዘብ የሚበሉ ያለፈ ዘመን ቀንበሮች እንደ ሆኑ ይጽፉና የራሳቸውን ምሳሌ ይሰጣሉ፦ ለአባታቸው በየወሩ በቴሌብር ገንዘብ ይልካሉ፤ ግዴታቸው እዚያ ላይ ያበቃል። ሰምና ወርቅ ውሸት ያስተማረን ትምህርት ቤት ነው፤ ሙሉ ሰው ያሰበውን በቀጥታ ይናገራል። በመጨረሻም የግሪኩን ፈላስፋ ኤፊቆሮስን ለምስክርነት ይጠሩና፣ እኛ ባለንበት ሞት የለም፣ ሞት ባለበት እኛ የለንም፤ ስለዚህ ከሞትሁ በኋላ የሚሆነው አያገባኝም ብለው ይዘጋሉ።

ቅደም ተከተላቸውን አልጠብቅም። ከደንቡ እጀምራለሁ፤ የቀረው ሁሉ የቆመው በእርሱ ላይ ነውና።

«ማንንም አትጉዳ» መልካም ደንብ ነው። ሁሉም ቢያከብረው ኖሮ የወረዳ ፍርድ ቤቶቻችን ግማሹን መዝገብ ይዘጉ ነበር። ነገር ግን ማንን እንደ ጎዳን ብቻችንን ሆነን ማወቅ አንችልም። ባሕር ዛፍን እንይ። በማሳው ድንበር ላይ ባሕር ዛፍ የሚተክል ገበሬ በገዛ መሬቱ፣ በገዛ ችግኙ፣ በገዛ ጉልበቱ ነው የሚሠራው። ማንንም አልነካም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግን ሥሩ ድንበር ይሻገርና የጎረቤቱን እርጥበት ይመጥጣል፤ ጥላው ጤፉ ላይ ይወድቃል፤ ዳር ዳሩን ያለው አዝመራ ይቀጭጫል። ጎረቤትየው ወይ ሥሩን ለመቁረጥ ድንበሩን ይዞ ቦይ ይቆፍራል፣ ወይ ተስፋ ቆርጦ እርሱም ባሕር ዛፍ ይተክላል። ከዚያ ተራው የቀጣዩ ጎረቤት ነው። በጎጃም መንገድ ላይ በመኪና ያለፈ ሁሉ ውጤቱን አይቶታል፤ ትናንት እህል የነበረው ዛሬ በተርታ የቆመ ግንድ ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሰው ልጉዳ ብሎ የተነሣ አንድም ሰው የለም። ጉዳቱን የሚያየው ተካዩ ሳይሆን ከድንበሩ ማዶ የቆመው ነው። ጸሐፊው «አትጉዳ» ሲሉ ዳኛው ማን እንደ ሆነ አልነገሩንም። እንደ ጽሑፉ አካሄድ ከሆነ ዳኛው ራሱ ተካዩ ነው።

የቆጋ መስኖም ይህንኑ ያሳያል። መራዊ አጠገብ ያለው ይህ ግድብ 7,000 ሄክታር ገደማ መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ ነው፤ ውኃው የሚደርሰው በተራ ነው። ተራው ሳይሆን ሌሊት ተነሥቶ ውኃውን ወደ ማሳው የሚመልስ ሰው የተጎዳውን ሰው መልክ አያውቀውም። ተጎጂው ከቦዩ ግርጌ፣ ምናልባትም በሌላ ቀበሌ፣ የደረቀ ሽንኩርት ይዞ የቀረው ነው። ይህን ሊያውቅ የሚችለው በውኃ ተጠቃሚዎች ስብሰባ ላይ ቁጭ ብሎ የታችኛውን ሰው አቤቱታ የሰማ ብቻ ነው። እንግዲህ «አትጉዳ» የምትለዋ አንዲት ደንብ እንኳ እንድትሠራ፣ ጸሐፊው ጊዜ ይበላል ያሉት ስብሰባ ያስፈልጋታል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ይበልጣል። ይህ ደንብ የታወቀ ባለቤት አለው፤ እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል በ1859 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው። የጆን ስቱዋርት ሚል ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ ኅብረተሰብና መንግሥት አንድን ሰው ሊያስገድዱት የሚችሉት መቼ ነው? መልሱም ሌላውን እንዳይጎዳ ለመከልከል ሲሆን ብቻ የሚል ነው። በዚህ የተሠመረው የዱላ ወሰን ነው። ደግ ሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ጸሐፊው ለአንዱ የተሰጠውን መልስ አንሥተው ለሌላው ሰጥተውታል። ደግሞም ሚል ራሱ እዚያው ላይ፣ የሰው ነፍስ ማዳን ወይም መከታ የሌለውን ከጥቃት መከላከል ሲገባው ዝም ያለ ሰው ሊጠየቅ እንደሚችል ጽፏል፤ ሰው በመሥራቱ ብቻ ሳይሆን ባለመሥራቱም ይጎዳልና። የእኛም ሕግ ይህን ያውቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ሕይወቱ ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው፣ በራሱ ላይ አደጋ ሳይመጣ ሊረዳው እየቻለ፣ አውቆ ጥሎት የሄደን ሰው ይቀጣል። ያ ሰው እጁን አላነሣም፣ ማንንም አልገፋም፤ ሆኖም ጥፋተኛ ነው።

ሕግ ደግሞ ዝቅተኛው ወለል ነው። ከወለሉ በላይ ያለውን ለማየት ጎጃምን ጎጃም ካሰኛት ነገር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ሲጠሩ የኖሩት መምህራኑ ስለ ነበሩ ብቻ አይደለም። ከትግራይ፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ የመጣ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በአንድ እጁ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ ይዛ የምትወጣ ሴት ነበረች። ልጁን አታውቀውም፤ ዘመዷ አይደለም፤ ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ አገሩ ይሄዳል እንጂ ውለታዋን አይመልስም። በሯን ዘግታ ዝም ብትል ማንን ጎዳች? ማንንም። በጸሐፊው ደንብ ንጹሕ ናት። መንደሩ ሁሉ በዚህ ደንብ ቢያድር ግን ጉባኤ ቤቱ ሳምንት ሳይሞላው ይበተናል። ስንት ሊቅ የተማረው «ዕዳ የለብኝም» ባላሉ ሴቶች እንጀራ ነው! ጸሐፊው በጽሑፋቸው መካከል «እኔ የቅኔ አገር ልጅ» ብለው ደረታቸውን ይነፋሉ። ይገባቸዋል፤ ግን ያ ቅኔ በማን ጓዳ እንደ ተቀለበ ቢያነሡት ኖሮ ደንባቸውን የሚያሻሽሉት ይመስለኛል።

የደጉ ሳምራዊን ታሪክ ሁሉም ስለሚያውቀው አልደግመውም። ካህኑና ሌዋዊው ቁስለኛውን አንድ ጊዜም እንዳልመቱት ብቻ ላስታውስ።

አሁን ወደ ሞላች ሕይወት። እዚህ ላይ ጸሐፊው የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። «ልጆቼ ሲያድጉ»፣ «ቤቱ ሲያልቅ»፣ «ጡረታ ስወጣ» እያሉ ደስታቸውን ሲያስተላልፉ ሳይነኩት ያለፉ ሰዎችን እኔም አውቃለሁ። አዲስ ጋቢ ለክት ብሎ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ በአሮጌው የሚገነዝ ሰው አለ። ይህን መንቀፋቸው ደግ ነው። «ሂድ፣ እንጀራህን በደስታ ብላ» የሚለውን ከመጽሐፈ መክብብ መጥቀሳቸውም ቦታው ነው፤ ምዕራፍ 9 ላይ አለ። ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ ቢመለሱ ግን ያው ሰባኪ ከግብዣ ቤት ይልቅ ወደ ልቅሶ ቤት መሄድ ይሻላል ሲል ያገኙታል። ሁለቱን አንድ ላይ የጻፈው ሰው ግራ የገባው አይመስለኝም፤ ልቅሶ ቤት ያልሄደ ሰው ግብዣውንም በቅጡ አይበላውም ማለቱ ነው ብዬ እረዳለሁ።

መለኪያቸው ግን አያስኬድም። ስንት አገር አየህ፣ ስንት ነገር ቀመስህ ተብሎ ሕይወት የሚለካ ከሆነ፣ ከዓባይ በረሃ ወዲያ ተሻግሮ የማያውቅ የሰማንያ ዓመት ገበሬ ባዶ ኖረ ማለት ነው፤ በአንድ ዓመት አሥር ከተማ የዞረ ወጣት ግን ሞልቷል። ጸሐፊው ራሳቸው ይህን እንደማይቀበሉት የሚያሳብቅ ነገር ጽሑፋቸው ውስጥ አለ። በላይ ዘለቀን በኩራት ያነሡታል። በላይ አምስቱን የወረራ ዓመታት በበረሃ አሳለፈ፤ ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. ገና በጎልማሳነቱ አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ብዙ አገር አላየም፤ ብዙ ምቾትም አልቀመሰም። እርሱን ተከትለው እርሻቸውን ጥለው የወጡት፣ ስማቸው ያልተጻፈው የጎጃም ገበሬዎችማ ከእርሱም ያነሰ ነው የቀመሱት። እነዚህ ሰዎች ባዶ ኖሩ ለማለት የሚደፍር ካለ ይበል፤ ጸሐፊው አልደፈሩም። እንግዲያው ሌላ መለኪያ አላቸው ማለት ነው፤ እርሱን ቢጽፉልን ይሻል ነበር።

ጾምን «ራስን መቅጣት» ያሉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፈው፦ 55 ቀን ጾሞ የፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጥ የቀረበለትን ሰው ስለ መቅመስ እንዲያስተምራቸው ይጠይቁት።

ይሉኝታ ላይ ስደርስ ቆም ማለት አለብኝ፤ ትልቁን ሐቅ የተናገሩት እዚህ ነውና። «ሰው ምን ይላል» በሚል ፍርሃት ስንት ሴት የባሏን ዱላ ደብቃ ኖራለች! ስንት ልጅ ሳትደርስ ተድራለች! ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ካደረገ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሠርጉን የሚያውቅ ጎረቤት ግን «ከሰው ልጣላ?» ብሎ ዝም ይላል። በብድር የተደገሰ ሠርግ፣ በማይወዱት ሙያ ያለቀ ዕድሜ፣ ሕመምን ደብቆ መታከም እስኪያቅት መቆየት፤ ሁሉም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። ይህን ሁሉ ጸሐፊው ዘርዝረዋል፤ አንዱንም አልነቅፍባቸውም። ብችል እኔም እጨምርበታለሁ።

የምለያቸው ከዚህ ተነሥተው «ስለዚህ ይሉኝታ የተባለ ሁሉ ይጣል» ሲሉ ነው። ይሉኝታ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱ በደል ሲፈጸም አፍ ማስያዝ ነው። ሌላው ደግሞ ሌሊት የጎረቤት ጩኸት ሲሰማ አልጋው ላይ ልተኛ ያለውን ሰው ማስነሣት ነው። የመጀመሪያው የሚጠብቀው በዳዩን ነው፤ የሁለተኛው ጥቅም ለደካማው ነው። መለየቱ ከባድ አይደለም፤ በዚህ ዝምታ ወይም በዚህ ሥራ ማን ይጠቀማል ብሎ መጠየቅ ነው። ሴትየዋ ስትደበደብ ዝም ማሰኘት ለደብዳቢው ነው። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና እስከሚገባበት መንገድ ማድረስ ለእርሷ ነው። ይህን ቃሬዛ ከያዙት መካከል በፍቅር የወጣ ይኖራል፣ «ቢቀርብኝ ምን ይሉኛል» ብሎ የወጣም ይኖራል። ሴትየዋ ማን በምን ምክንያት እንደ ወጣ አትጠይቅም፤ ሕፃኑም አይጠይቅም። ጸሐፊው በይሉኝታ የወጣውን «ግብዝ» ብለው ቢመልሱት ቃሬዛው አንድ ማዕዘን ይጎድለዋል።

ከዚህ ሌላ፣ ሰው በጎነትን የሚማረው በምን መንገድ ነው? አርስቶትል ሰው ጻድቅ የሚሆነው የጽድቅ ሥራ እየሠራ ነው ይላል፤ ልክ ግንበኛ እየገነባ ግንበኛ እንደሚሆን። ኀፍረትን ምሉዕ በጎነት አላደረገውም፤ ለወጣቶች ግን የሚገባ ስሜት ነው ብሎታል፤ ከስሕተት ስለሚመልሳቸው። ከልብ እስኪመነጭ ድረስ በጎ ሥራ አልሠራም የሚል ሰው ያችን ልብ ከየት ሊያመጣት ነው? ልጅ «ለአያትህ ውኃ አቀብል» ተብሎ እየተቆጣ ያቀብላል፤ በሃያ ዓመቱ ሳይነገረው ያቀብላል። በስድስት ዓመቱ ግብዝ ነበር አንለውም።

እድርና ደቦ። መጀመሪያ ተዝካርን ለጸሐፊው ልስጣቸው። በሬውን ሸጦ ተዝካር ያወጣ፣ በክረምቱ ደግሞ በሬ ያጣ ሰው በየአጥቢያው አለ፤ ሙት ለማስታወስ ብሎ ሕያው ልጆቹን ያስራበ። ይህ በጎነት አይባልም። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ለነፍስ ጸሎትና ምጽዋት እንጂ ድንኳን ሙሉ ሰው አብሉ ብላ አላዘዘችም። በዚህ ተስማምተናል።

የቴሌብሩን ነገር ግን ላሳልፈው አልችልም። ለአባት በየወሩ ገንዘብ መላክ መልካም ነው፤ የማይልክ ብዙ አለ። ታዲያ ገንዘቡ ከደረሰ በኋላ ምን ይሆናል? ኅዳር ላይ ጤፉ ደርሶ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ያለ ጊዜው ዝናብ ሊመጣ ነው እንበል። አዛውንቱ ስልካቸው ውስጥ ብር አለ። የቀን ሠራተኛ መቅጠር ይችላሉ፤ ይህን አልክድም፤ ዛሬ በብዙ ቦታ ይደረጋል። ግን በዚያች ሁለት ቀን የአካባቢው ጤፍ ሁሉ ነው የደረሰው፤ ማጭድ የያዘ እጅ ሁሉ ተይዟል። የሚመጣላቸው ደቦ ነው፤ እርሳቸው በወጣትነታቸው የሰው ማሳ ላይ ስላጨዱ የሚመጣ። ወንፈልም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ለአንተ የዋልሁትን ቀን ነገ ለእኔ ትውላለህ። አንድ በሬ ያለው ደግሞ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ሁለቱም ብቻቸውን ማረስ አይችሉም፣ አብረው ግን ሁለት ማሳ ያርሳሉ። የውጭ ከብት ይዞት የመጣው በሽታ በ1880ዎቹ የአገሪቱን ከብት ጠርጎ ክፉ ቀን ሲመጣ የጎደለው በሬ ነበር፤ በሬ በሌለበት ብር ያለው ሰው ምን ይገዛበታል?

የጸሐፊው ስሌት አንድ ወገን ብቻ የተጻፈበት መዝገብ ነው። እድር በወር ስንት ብር እንደሚወስድ፣ ልቅሶ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ቆጥረዋል። እርሳቸው አዲስ አበባ ሲኖሩ አባታቸውን ማን እንደሚጠይቅ፣ አዛውንቱ ሌሊት ቢታመሙ በሩን የሚያንኳኳው ማን እንደ ሆነ፣ ሲያርፉ መቃብር የሚቆፍረው የማን ልጅ እንደ ሆነ አልቆጠሩም። እርሳቸው ዕዳ የለብኝም ለማለት የቻሉት በመንደሩ የቀሩት ሰዎች ዕዳ አለብን ስላሉ ነው። ሁሉም እንደ እርሳቸው ቢያስብ የቴሌብሩ ብር አዛውንቱን ቃሬዛ ላይ አያወጣቸውም።

«ታዲያ ኢንሹራንስ አለ» የሚሉ አስተያየቶችም አንብቤአለሁ። እድር ድንኳን፣ አግዳሚና ድስት ብቻ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበራችሁ። ሐዘን የደረሰበት ቤት ግን የሚፈልገው ሰው ነው፤ ምንም ሳይናገር ከጎኑ የሚቀመጥ፣ ቡና የሚያፈላ፣ ልጆቹን ወስዶ የሚያበላ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ቀልድ ጣል አድርጎ ለቀስተኛውን ፈገግ የሚያሰኝ። ይህን በውል ጽፎ የሚሸጥ ድርጅት አላየሁም። እድሩ ላልመጣ ሰው መቀጫ ማስቀመጡን ጸሐፊው እንደ ማስገደድ ቆጥረውታል። እኔ መቀጫውን የምረዳው በሌላ መንገድ ነው፤ ስንፍናችንን የሚያውቁ ሰዎች ጤነኛ ሆነው ሳሉ ተሰብስበው፣ በከፋ ቀን እንዳይዘነጉ ራሳቸውን ያሰሩበት ነው። ገብተው የፈረሙበት እኮ ራሳቸው ናቸው።

ስለ ሰምና ወርቅ ረጅም መጻፍ እችል ነበር፤ ግን ክሱ ረጅም መልስ አያስፈልገውም። ውሸት የሚፈልገው እውነቱ እንዳይገኝ ነው። ቅኔ የሚፈልገው እንዲገኝ ነው፤ ወርቁ ያልተገኘለት ቅኔ ከሽፏል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ተማሪው የዘረፈውን መምህሩ ፊት አቅርቦ ይታረማል፤ ምሥጢሩ ያልሞላ እንደ ሆነ ይመለስለታል። እንዲህ ያለ ጥብቅ ቤት ውሸታም አያወጣም። ንግግር የምናሽሞነሙንበት ቦታ እንዳለ አምናለሁ፤ በተለይ በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ «እንደ አጠቃላይ ጥሩ ነው፣ አንዳንድ ክፍተቶች ግን አሉ» የምንለው ነገር ሰምም ወርቅም የለውም። እርሱን ይተቹ፣ አብሬ እተቻለሁ። ያሰቡትን ሁሉ በቀጥታ መናገርንም በተመለከተ፣ ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ያለ ስም ነው ያወጡት። አልወቅሳቸውም፤ የሚጠብቁት ነገር ይኖራቸዋል። ሌላውም ሰው እንዲሁ የሚጠብቀው አለው።

የቀረኝ ኤፊቆሮስ ነው። የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ ጳውሎስ አቴና ላይ የተከራከረው ከእርሱ ወገን ከሆኑ ፈላስፎች ጋር ጭምር ነበር። ስለ ሞት ጸሐፊው የጠቀሱለት ቃል በእርግጥም የእርሱ ነው። ከዚያ «ከሞትሁ በኋላ የሚሆነው አያገባኝም» የሚል ድምዳሜ ማውጣት ግን የጸሐፊው እንጂ የእርሱ አይደለም። ደስታን የኑሮ ግብ ያደረገው ይህ ሰው በጥበብ፣ በክብርና በፍትሕ ሳይኖሩ በደስታ መኖር አይቻልም ብሎ አስተምሯል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ270 ገደማ ሊሞት ሲል፣ በሽንት መታገድና በተቅማጥ ሥቃይ ውስጥ ሆኖ ለወዳጁ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሥቃዩን የሚያስረሳው ከወዳጆቹ ጋር ያደረገው ጭውውት ትዝታ እንደ ሆነ ነገረው፤ ቀድሞት የሞተውን የጓደኛውን የሜትሮዶሮስን ልጆች አደራ አለው። በኑዛዜውም እነዚሁ ልጆች እንዲያድጉ፣ ሴቷም ለአካለ መጠን ስትደርስ ጥሎሽ ተሰጥቷት እንድትዳር አዘዘ፤ ሦስት ወንድና አንዲት ሴት ባሪያዎቹን ነጻ አወጣ።

ከዚህም ሌላ ወዳጆቹ በየወሩ በ20ኛው ቀን እየተሰበሰቡ ሜትሮዶሮስንና እርሱን እንዲያስቡ፣ ለዚህም ከንብረቱ ወጪ እንዲደረግ ተናዟል። በየወሩ በ12 የሚካኤልን፣ በ21 የማርያምን ጽዋ የሚጠጡት የሠፈራችን እናቶች ይህን ብነግራቸው ስለ ፍልስፍናው ብዙም የሚጠይቁኝ አይመስለኝም፤ «የሚቀጥለው ወር ተረኛ ማን ነበር?» ነው የሚሉኝ።